ጥርጊያ

ሌሊቱን ጦዝ ነፍሶ ጃህራ ጠፍታ ነጋ፤
አሸዋው ተኝቷል ከደጁ አፍ ጋ፣
በመኪናው ጣሪያ፣ በመስኮቱ ከንፈር፣
በማማ ሙዲ ጫማ፣ የበረሃው አፈር።
መጥረጊያ አነሣሁ።
ትናንት የጠረግሁት፣ ነገም የምጠርገው፣
ማን ይሄድበታል ብዬ ነው የማደርገው?

ከበር እስከ አስፋልቱ አንዲት ቀጭን መስመር፣
ስጠርግ፣ ስትሞላ፣ ደግሜ ስጀምር፣
ድንገት ቃሏ መጣች፤ ከልጅነት ወዲህ
ሰምቼ ያለፍኳት፣ ሳልል እንዲያ እንዲህ፦
ጥርጊያ።
ንጉሥ የሚያልፍበት ሰፊ ጎዳና አይደለም ለካ ጥርጊያ ማለት፤
ወገቧን ያመማት አንዲት ሴት
ጎንበስ ብላ ያለፈችበት።

ማታ በስልኬ ላይ ድምፅ ልከው ነበር፦
«አስካለ፣ ያንቺ ነው የዚህ ዓርብ ማኅበር፤
ስለ አዋጅ ነጋሪው፣ አሥር ደቂቃ ያህል፣
እንደመጣልሽ ነው፣ ያን ያህል ብዙ አይደል።»
እኔ? ምን አፍ አለኝ?
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ሓዲር» ያልኩበት፣
ከ«እሺ» በስተቀር ቃል ያልወጣበት።
እሱማ በነቢይ ገና ድሮ ተጠርቶ፣
ሽል ሆኖ የዘለለ ሰላምታ ሰምቶ፣
ስሙን መልአክ ያወጣለት!
የኔን ስም ያወጣው ደላላ ነው በደሴ፤
ሙና ነኝ ለፓስፖርት፣ አስካለ ናት ነፍሴ።

ደግሞ ባለፈው ብርድ፣
ለማማ ሙዲ አንበጣ በጆንያ መጣላት፤
ክንፉን ነቅዬ፣ ቀቅዬ፣ ጨው ነስንሼ ሰጠኋት።
ዓይኗ ሰው አይለይም፣ እጇ ግን አፌን አላጣውም፤
«ብዪ!» አለች፣ እምቢ ማለት አይቻልም።
መሪጌታ ጥበቡ «የበረሃ ቅጠል ነው» ይሉ ነበር እየማሉ፤
ይምጡና ይዩልኝ፣ ስድስት እግር አለው ቅጠሉ!
ጎረስኩት። ሣር ሣር፣ ጨው ጨው አለኝ፤
በረሃው ሩቅ መስሎኝ ማዕድ ቤት አገኘኝ።

ጣሪያው ላይ ልብስ ሳሰጣ ካጥሩ ባሻገር
አንዲት ልጅ ስታለቅስ ሰማሁ፤ ልቅሶም አለው አገር።
እዚህ አይጮኽም። ጩኸት ያስጠይቃል፤
ሹክሹክታ ግን ከገመድ ገመድ ይዘልቃል።
«እኅቴ» አልኳት።
«ማን ነሽ?» አለችኝ አንሶላውን ገልጣ።
ማን ልበላት?
ኤምባሲ አይደለሁ፣ ጠበቃ አይደለሁ፣ ቁልፍም የለ በኔ ጣት።
«የምትጠብቂው እኔ አይደለሁም፤ ግን ይመጣል» አልኳት።

«መቼ?» አለች እቴነሽ።
ይሄኔ ጠፋኝ ስብከቱ።
የታየኝ ያ ሰው ነው፣ ወንዙ ዳር ሳይሆን፣ እስር ቤቱ ውስጥ፣
ያ የበረሃ ድምፅ በግድግዳ ሲዋጥ፣
ሰው ልኮ «አንተ ነህ ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» ብሎ ሲጠይቅ፣
በጣቱ ያሳየውን ራሱ ሲጠይቅ!
ይህን ነገርኳት፤ ሌላ የማውቀው አልነበረም።
«በሩ ተዘግቶበት ነበር እሱም?»
«ተዘግቶበት ነበር።»
ዝም አለች። ባንሶላው ጫፍ እንባዋን ጠረገች።
ጠረገች።
«ነገስ ትወጫለሽ?» አለች።

ዓርብ አልሄድኩም። ማማ ሙዲ ታማ አደረች።
ለማኅበሩ ከደጅ ቀዳሁላቸው፣ አሸዋውን እየጠረግኩ፤
አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ብዙም አልተናገርኩ፦
«ማይክ አልነበረውም ሰውዬው። አዳራሽም።
ያለው አንድ ጣት ነው፣ ወደ ሌላ የሚቀስር።
እኛ ጣታችንን ወደ ደረታችን እያዞርን ነው መሰለኝ የምንቸገር።
ጎረቤታችሁ ጣሪያ ላይ ማን እንዳለ ግን እዩ።»
መልሼ ስሰማው የመጥረጊያው ድምፅ ከቃሌ ይበልጣል፤
ልሰርዘው አልኩና
ላክሁት።

ማዶ ጣሪያው ላይ አንድ ነጭ አንሶላ ተሰጥቷል፤
ነፋሱም፣ እንግዲህ፣ እንደገና ተነሥቷል።